ገዢ መስለን የገባን ዕለት

አክስቴ ከጅቡቲ ስትመጣ በራችን ላይ መጀመሪያ የተሰማው የካልሲዋ ድምፅ ነው። እግሯ ላይ ያጠለቀችው ካልሲ አይደለም፤ በእጇ ያንጠለጠለችው። አንድ ወፍራም የወንድ ካልሲ፣ አፉ በክር ታንቆ፣ ከተረከዙ በላይ ሳንቲም ተሞልቶ፣ በተራመደች ቁጥር ሽክሽክ ይላል። እናቴ እህቷን ስማ ሳትጨርስ፣

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለቻት።

«መልስ ነው» አለች አክስቴ። «የዳቦ መልስ፣ የሽንኩርት መልስ፣ የአውቶቡስ መልስ። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት የመልስ ሀብት!»

ትሪ ላይ ስትገለብጠው ቤቱ በጩኸት ተሞላ። አንዱ ሳንቲም ላይ ሁለት ግመሎች፣ አንዱ ላይ መርከብ፣ ትንንሾቹ ላይ ቀንዷ የረዘመ ሚዳቋ አለች። እኔ ወዲያው ግመል ግመሎቹን ለብቻ መልቀም ጀመርኩ። አባቴ አንዱን አንስቶ አገላበጠና፣

«ይሄን ጅጅጋ ላይ ማን ይመነዝርልሻል? ባንክ እንደሆነ ወረቀቱን እንጂ ሳንቲሙን አይነካም» አላት።

«አንተ ሰውዬ፣ መጀመሪያ ውሃ አጠጣኝ እንጂ!»

አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት። አባቴ በሥራ ዝውውር ወደ ጅጅጋ ሲመጣ እኔ ገና በጀርባ የምታዘል ነበርኩ፤ አክስቴ ደግሞ እኔን እንድታዝል ተብላ ነው አብራን የመጣችው። ትምህርቷን እዚሁ ጨረሰች፤ ሶማሊኛውን ከሰፈሩ ልጆች ጋር ገመድ እየዘለለች ለመደችው፤ ከዚያ ሰው ቤት ልትሠራ ጅቡቲ ሄደች። እሷ በሌለችባቸው ዓመታት ፀጉሬን የምትሠራው እናቴ ነበረች። ስለ እናቴ ሹሩባ ባልናገር ይሻላል። ክፍል ውስጥ ከኋላዬ የምትቀመጠው ልጅ አንድ ቀን ጭንቅላቴን አየት አድርጋ፣ «ይሄ መስመር ወደ ሐረር ነው ወደ ቀብሪበያ የሚወስደው?» ብላኛለች። ይበቃል።

ምሳ በላን። አክስቴ መጋረጃውን ሳበችና የውስጥ ቀሚሷን ጠርዝ በምላጭ መተርተር ጀመረች። ጠርዙ ላይ ትንንሽ ኪሶች ሰፍታበታለች፤ ከየኪሱ አንዳንድ ጠገራ ብር ወጣ። ሰባት ሆኑ። ከዚያ በፊት ጠገራ ብር በእጄ ይዤ አላውቅም። መዳፌን ሞላው፤ ከበደኝም። በአንድ በኩል ሻሽ የጣለች ደንዳና ሴትዮ፣ በሌላው በኩል ባለ ሁለት ራስ ንስር።

«ምነው ጠገራ?» አላት አባቴ።

«ወረቀት ይዤ ብመጣ ታውቀው የለ? ለልቅሶ፣ ለሠርግ፣ እከሌ ሐኪም ቤት ገባ እያላችሁ ሳምንት አይቆይም። ጠገራ አበድሪኝ ያለኝ ሰው ግን እስካሁን የለም። ገንዘብ በያዝኩ ቁጥር እዚያ ገበያ ወርጄ አንድ አንድ እያልኩ ገዛሁ።»

እናቴ ሳቀች። አባቴ አልሳቀም።

«እውነተኛ መሆናቸውን ማን ነገረሽ?»

«የሸጡልኝ ሴቶች ናቸዋ።»

«ታዲያ ምን እንዲሉሽ ኖሯል? ‹ውሸት ነው፣ አትግዢን› እንዲሉሽ?»

አክስቴ ጠገራዎቹን አንድ በአንድ ወደ ራሷ ሳበቻቸው። 

ያሰበችው ነገር እንዲህ ነው። ሁለት በር አለፍ ብላ የምትኖር ጎረቤት አለችን፤ ሰፈሩ በሙሉ «ሀቦ» ነው የሚላት፤ በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። ሀቦ መንገድ ዳር አንዲት ባዶ ክፍል አለቻት። አክስቴ እዚያች ክፍል ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት ልትከፍት ፈልጋለች። ጅጅጋን የማያውቅ ሰው፣ መንገድ ላይ ተሸፋፍነው የሚሄዱትን ሴቶች አይቶ ፀጉር ቤት ምን ያደርግላቸዋል ይል ይሆናል። እስኪ ሠርግ ባለበት ሳምንት አንዱን መጋረጃ ገልጦ ይግባ! ወንድ ካልሆነ ማለቴ ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው ሳቅ፣ ሂና፣ ሐሜት፣ ሌላ ከተማ ነው። አክስቴ እጇ ወርቅ ነው፤ የሚጎድላት ካስክ ብቻ ነበር፤ ያ ጭንቅላት ውስጡ የሚገባበት ትልቁ የፀጉር ማድረቂያ። ካስክ፣ መስታወት፣ ሁለት ወንበር፣ የመጀመሪያው ኪራይ። ይኸው ነው።

ጅቡቲ ያለችው ማዳሟ ደግሞ፣ «እስከ ሰኞ ካልተመለስሽ ሌላ ሴት እቀጥራለሁ» ብላታለች። ስለዚህ ጠገራዎቹ እውነተኛ ከሆኑ አክስቴ ትቀራለች፤ ውሸት ከሆኑ እሑድ ሻንጣዋን ይዛ ወደ ድሬዳዋ ባቡር ትሄዳለች። እኔ አንዱን ጠገራ ጨብጬ ሴትዮዋን አፍጥጬ አየኋት። እሷም አፍጥጣ አየችኝ። ምንም አልነገረችኝም።

መጀመሪያ በማግኔት ሞከርን። የተበላሸ ቴፕ ስፒከር ውስጥ ያለውን ፈልቅቄ አወጣሁና አንድ በአንድ አስጠጋሁላቸው። አንዱም አልተሳበም። እልል ልል አፌን ስከፍት አባቴ ከስልኩ ቀና ብሎ፣

«ማግኔት ያልሳበው ሁሉ ንጹሕ ብር ከሆነ የእናትሽን የነሐስ ሙቀጫ እንሽጠው» አለ።

ቀጥሎ ስልክ ላይ ያየሁትን ሞከርን። በረዶ ጥሩ ብር ላይ ሲቀመጥ ከሌላው ነገር ቶሎ ይቀልጣል ይላል። ከጁስ ቤት በፌስታል በረዶ ገዛሁ። አንዱን ቁራጭ ጠገራው ላይ፣ አንዱን መክተፊያው ላይ አደረግኩ፤ ለሦስተኛው ቦታ ሳጣ የድስት ክዳን ላይ ወረወርኩት። ጠገራው ላይ ያለው፣ ወላሂ፣ እንደ ቅቤ ቀለጠ! መክተፊያው ላይ ያለው ንቅንቅ አላለም። አክስቴ አንስታኝ ዞረች። ዞር ስንል ክዳኑ ላይ ያለውም በረዶ የለም።

እናቴ ወገቧን ይዛ ክዳኑን አየችው።

«በሉ እንግዲህ፣ ድስቴም ጠገራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወጥ የምትበሉት በጠገራ ነው፤ እንደ ንጉሥ!» አለችና የተረፈውን በረዶ ሎሚ ጭማቂ ውስጥ ጨመረችው። ጭማቂው ግሩም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አክስቴና እኔ በባጃጅ ወደ ከተማ ወጣን። ባንክ ቤት ስንገባ፣ በእጇ የነበራትን ጥቂት የጅቡቲ ፍራንክ ወረቀት ያለችግር መነዘሩላት። ካልሲውን መስኮቱ ላይ ስታስቀምጥ ግን ገንዘብ ከፋዩ ልጅ እጁን ሰበሰበ።

«እህቴ፣ እኛ ሳንቲም አንቀበልም።»

«ለምን? ገንዘብ አይደለም?»

«ገንዘብ ነው። ግን እኛ ጋ አይሠራም።»

«እኔስ ዳቦ ስገዛ ሲመልሱልኝ ተቀብዬ የለ?»

ልጁ ሳቁን ዋጠ። ካልሲውን ሽክሽክ እያደረግን፣ ሰልፉ በሙሉ እያየን፣ ወጣን።

ከዚያ ወርቅ ቤት ገባን። ባለቤቱ ከመሃል አገር የመጡ ጎልማሳ ናቸው፤ በጣም ደግ ፊት አላቸው። ወንበር ሰጡን። «ጋሼ፣ እስኪ እነዚህን ይዩልኝ፤ ልሸጣቸው ነው» አለች አክስቴ። ጋሼ አንዱን አነሱ፣ መዘኑ፣ መለሱ። ሌላውን አነሱ። ከዚያ ሰባቱንም ንስሩን ወደ ላይ አድርገው ደረደሯቸውና በጥፍራቸው አንድ ቦታ አሳዩን።

«ዓመቱን አንብቢልኝ፣ ልጄ። ተማሪ ነሽ አይደል?»

አነበብኩ። «1780።»

«ቀጥሎ ያለውንስ?»

«1780።»

«ቀጥዪ።»

ሰባቱም ያው ናቸው። 

«አየሽ እህቴ» አሏት ለአክስቴ፣ እንደ ሐኪም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የድሮ ገንዘብ ቢሆን አንዱ የዚህ ዓመት፣ አንዱ የዚያ ዓመት ይሆን ነበር። አንቺ ገዛሁ የምትዪው ደግሞ በተለያየ ጊዜ ከተለያየ ሰው ነው። ሁሉም አንድ ዓመት ከሆነ አንድ ቀን፣ አንድ ማሽን ያወጣቸው ፎርጅድ ናቸው።»

እንዴት አላምን! እኔ ራሴ ብሆን እንደዚያው እል ነበር። አክስቴ ጠገራዎቹን ወደ ቦርሳዋ መመለስ ጀመረች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቢሆንም አንቺም ከምትንከራተቺ… ለማቅለጫ እወስድልሻለሁ።»

የሰጧት ዋጋ አንድ ጥሩ ጫማ የሚገዛ ነበር። ሰባቱም ማለት ነው፣ ለአንድ ጫማ። «ላስብበት» አለችና ወጣን።

ባጃጅ ያዝን። ሹፌሩ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ ትከሻውን ይሰብቃል። እኔ ስለ እሑድ አስባለሁ፤ ማልቀስ አልፈለግኩም፤ ግን አፍንጫዬ ጀምሮ ነበር። ገበያው አጠገብ ስንደርስ አክስቴ ድንገት ክንዴን ያዘችኝ።

«ቆይ ቆይ። ውሸት ከሆኑ ሰውዬው ለምን ይገዛኛል?»

«ለማቅለጫ አሉ'ኮ።»

«ውሸት ቀልጦ ምን ይሆናል? ቀላጭ ውሸት!»

ይህን እያለች ከባጃጁ ወርደን ገበያ ውስጥ ያለው የሀቦ ሱቅ ገባን። ሀቦ ክፍሏን ከማከራየት ሌላ ድሪዕ ትሸጣለች፤ ያን ብርሃን የሚያስተላልፈውን ስስ ረጅም ቀሚስ፣ በየቀለሙ። ዕቃዋን የምታመጣው ከጅቡቲ ስለሆነ፣ እዚያ ስትደርስ ለጫኚውም፣ ለሻዩም፣ ለታክሲውም ዝርዝር ሳንቲም ያስፈልጋታል። ካልሲውን ስታይ ፊቷ በራ።

«ማሻአላህ! ይሄን ሁሉ ጊዜ የት ነበርሽ አንቺ ካልሲ?» አለችው ለካልሲው።

ጨርቅ ላይ ዘረገፈችው። ግመሎቹን ወደ ቀኝ፣ መርከቦቹን ወደ ግራ በሁለት እጇ እየጠረገች ስትለይ፣ ዶሮ ጥሬ የምትለቅም ነበር የምትመስለው። ሚዳቋዎቹን ወደ እኔ ገፋቻቸው።

«እነዚህን አንቺ ተጫወቺባቸው። እዚያም ቢሆን ማስቲካ አይገዙም።»

ለግመሎቹና ለመርከቦቹ የኛን ብር አውጥታ ለአክስቴ ሰጠቻት። እኔ ደስ አለኝ፤ የባንኩን ልጅ ጠርቼ ላሳየው ፈልጌ ነበር። አክስቴ ግን ገንዘቡን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ሳቅ አላለችም።

«ምን ሆነሻል?» አለቻት ሀቦ። «ክፍሉን ተውሽው እንዴ? ለሽንኩርት መጋዘን የሚፈልገው ሰውዬ ዛሬም ደውሏል። እኔ ሽንኩርት አልወድም፤ ዓይኔን ያቃጥለኛል፤ ግን ሽንኩርት ኪራይ ይከፍላል።»

አክስቴ ሁሉን ነገረቻት። ጠገራዎቹን፣ ጋሼን፣ ዓመቱን፣ የጫማውን ዋጋ። ሀቦ ሰምታ ስትጨርስ ጭኗን መታች።

«ሻጭ ሆነሽ ሄድሽ? ሻጭ ሆነሽ? አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር አድገሽ! የሻጭ ግመል ሁልጊዜ አንካሳ ናት። ያቺኑ ግመል ገዢ ሆነሽ ጠይቂ፣ ስትሮጥ ታሳይሻለች!»

አክስቴ ሀቦን አየቻት። ሀቦ አክስቴን አየቻት። ሁለቱም አንድ ላይ ሳቁ፤ እኔ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ።

አለባበሷን ብታዩ! ሀቦ ከላይኛው መደርደሪያ ወርቃማ ክር ያለበት ሻሽ አውርዳ አከናነበቻት፤ የራሷን ትልቅ የእጅ ቦርሳ አንጠለጠለችላት፤ «አገጭሽን ቀና፤ የማይመጥንሽን ዕቃ እንደምታዪ» ብላ ገፋቻት። ጠገራዎቹን በጨርቅ ጠቅልለን ቦርሳው ሥር ቀበርናቸው። የምንሄደው የብር ጌጥ ወደምትሸጥ አንዲት ሴትዮ ነው። አባቷ ታዋቂ የግመል ደላላ ነበሩ፤ እሷን ሁሉም «ኤዶ» ይላታል። ይሄም አክስት ማለት ነው፤ የአባት እህት። እዚህ ከተማ አክስት አያልቅም።

የኤዶ ሱቅ ከቁም ሳጥን ትንሽ ይሰፋል። ኤዶ ራሷ ግን ሰፊ ናት፤ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ አምባር ጨርቅ ላይ ትፈትጋለች።

«ለአንገት ጌጥ የሚሆን ጠገራ ፈልጌ ነበር፣ ኤዶ» አለች አክስቴ። «እውነተኛውን ብቻ። ለሠርግ ነው።»

«ማሻአላህ! ማን ነው የሚያገባው?»

አክስቴ ይህን አላሰበችም። «እኔ» አለች።

ኤዶ እልልታዋን ለቀቀችው። የጎረቤት ሱቅ ሰዎች አንገታቸውን አስገቡ።

«ሙሽራውስ ምን ይሠራል?»

«ሹፌር ነው» አለች አክስቴ። እኔ ደግሞ፣ ላግዛት ብዬ፣ በዚያችው ቅጽበት «መሐንዲስ ነው» አልኩ።

ኤዶ ከመነጽሯ በላይ አየችን።

«መሐንዲስም ነው፣ ይነዳልም» አለች አክስቴ፣ ከባንኮኒው ሥር እግሬን እየረገጠች።

«ሁለት ሥራ ያለው ባል ጥሩ ነው። አንዱ ቢጠፋ አንዱ አለ» አለች ኤዶ፤ ከሣጥን ውስጥ አንድ ጠገራ አውጥታ ጨርቅ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ጀመረች። እንዴት እንደምትናገር! ምነው አስተማሪዎቻችን በሙሉ ሻጭ በሆኑ።

«ነይ፣ ጣትሽን ስጪኝ። ይቺ ትከሻዋ ላይ ያለችው ጌጧ ናት፤ ዙሪያዋን እንቁ አለ። በጥፍርሽ ዳስሺ፤ አንድ አንድ እያለ ይቆጠራል አይደል? ውሸተኛው ላይ ቢሆን እንደ ገንፎ አንድ ላይ ይሆንብሻል። ግንባሯም ላይ እንደዚያው። አሁን ጠርዙን አዙሪው። ፊደልና አበባ ከፍ ብሎ ወጥቷል፤ ታየሽ? ውሸት የሚሠራ ሰው ፊቷን ይሠራል፤ ለጠርዝ ትዕግሥት የለውም። አሁን ስሚ።»

ጠገራውን ጣቷ ጫፍ ላይ አመዛዝና በሌላ ሳንቲም ነካችው። ትንንንንን አለ። ኤዶ ዝም አለች፣ እኛም ዝም አልን፤ እሱ ግን ቀጠለ።

«ዓመቱስ?» አልኩ። አላስቻለኝም።

«ዓመቱ ይኸውልሽ፣ 1780። ሁሌም ይሄው ነው። ሌላ ዓመት ካየሽ ሩጪ! ሴትዮዋ በዚያ ዓመት ሞተች፤ ከሞተች በኋላም ሰው እሷን እንጂ ሌላ አልቀበልም ስላለ፣ እንዳለች እንዳለች ሲሠሯት ኖሩ። ስለዚህ ዓመቱ አንድ መሆኑ ነው ምስክሩ።»

ከጉሮሮዬ የሆነ ድምፅ ወጣ። አክስቴ እግሬን እንደገና ረገጠችው።

«ዋጋውስ?» አለች፣ በቀጭኑ።

ኤዶ ዋጋውን ነገረችን። ለአንዱ ብቻ፤ ብዙ ጫማ ነው። «ውድ እንዳይመስልሽ» አለች ወዲያው። «ይሄ የማያረጅ ገንዘብ ነው። ጅጅጋ ላይ አሁን ማን አለው? ብትፈልጊ አታገኚም። ስጡኝ የሚሉኝን ሰዎች ብዛት ብነግርሽ! እኔ ራሴ ባገኝ እገዛለሁ።»

አክስቴ አገጯን ዝቅ አደረገች። ሻሹን ከጭንቅላቷ አንሸራተተች። ቦርሳውን ከፈተች፣ ጨርቁን አወጣች፣ ባንኮኒው ላይ ፈታችው።

«እንግዲያው ኤዶ፣ ይሄን ያህል ካጣሻቸው እነዚህን ግዢኝ።»

 ኤዶ ጠገራዎቹን አየች። አክስቴን አየች። ቀጥሎ እኔን፣ ረጅም ጊዜ። ከዚያ ትከሻዋ መነቃነቅ ጀመረ። የተቆጣች መስሎኝ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄጄ ነበር፤ እሷ ግን መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን እየጠረገች ነው።

«ሙሽራውስ?»

«ሙሽራ የለም፣ ኤዶ።»

«ሹፌሩ የለም?»

«የለም።»

«ሹፌሩስ ይቅር፣ የመሐንዲሱ ግን ያሳዝናል!» አለችና እንደገና ፈረሰች። «አባቴ ይሄን ቢያይ ኖሮ አንቺን ገበያ ይዞሽ ይሄድ ነበር። ወላሂ! በይ አምጪያቸው፤ ግን እንዳስተማርኩሽ ነው የማያቸው።»

አንድ በአንድ ያዘች። ጌጧን ዳሰሰች፣ ግንባሯን፣ ጠርዙን፤ ከዚያ ጣቷ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ነካችው። ትንንንን። ወደ ቀኝ። ሁለተኛው ትንንንን። ወደ ቀኝ።  አክስቴ የባንኮኒውን ጠርዝ ጨብጣለች፤ የምታየው ጠገራውን ሳይሆን የኤዶን ጣት ነው። አራተኛው። አምስተኛው። ስድስተኛው ሲነካ «ጧ» አለና ሞተ። ኤዶ ጠርዙን አዙራ አሳየችን። ፊደልም የለ፣ አበባም የለ፤ እንደ ሳህን ልሙጥ ነው። ወደ ግራ።

«ይቺን አውቃታለሁ!» ብላ ጮኸች አክስቴ። «ይቺን የሸጠችልኝ ያቺ ‹እህቴ እህቴ› ስትለኝ የነበረችው ናት! እጄን ስማኝ ነበር'ኮ!»

«እጅሽን የሚስም ሻጭ ጣትሽን እየቆጠረ ነው» አለች ኤዶ፤ ሰባተኛውን አነሳች። ትንንንንንን። ከሁሉም የረዘመው እሱ ነበር፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ስድስቱ እውነተኛ! ጮህኩ። በደንብ ነው የጮህኩት። ያ አንገቱን ያስገባው ጎረቤት እንደገና አስገባና፣ «አሁን ደግሞ ማን አገባ?» አለ።

ዋጋው ላይ ግን ነገሩ በአፍ አላለቀም። ኤዶ ሻሽዋን ከትከሻዋ አውርዳ ባንኮኒው ላይ ዘረጋችና እጇን ከሥሩ አስገባች። «ያንቺንም አምጪ» አለቻት። ግመል ገበያ ላይ ወንዶቹ እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ከቦ ቆሞ፣ ዋጋው ግን በሁለት ሰዎች ጣት መካከል፣ ጨርቅ ሥር ነው የሚነገረው። አንድ ጣት ከተያዘ አንድ፣ ሙሉ እጅ ከተጨበጠ አምስት። ሴቶች ሲያደርጉት ግን አይቼ አላውቅም ነበር። አክስቴም እጇን አስገባች።

ከዚህ በኋላ የማውቀው ፊታቸውን ብቻ ነው። ሻሹ እንደ ድመት ከሥሩ ይንቀሳቀሳል። ኤዶ ቅንድቧን ሰቀለች። አክስቴ ራሷን ነቀነቀች። ኤዶ ወደ ጣሪያው አየች፣ የሆነ ነገር ለፈጣሪ ነገረች። አክስቴ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሻሹ ተነሳ፣ ወረደ። «ፀጉር ቤት ልከፍት ነው፤ ፀጉርሽን እኔ እሠራልሻለሁ» አለች አክስቴ ድንገት በአፏ። «ይሄ ከዋጋው ጋር ነው?» አለች ኤዶ። «ከዋጋው ጋር» አለች አክስቴ። «እስከ ዒድ?» «እስከ ዒድ፣ ሂናውን ጨምሮ።» ኤዶ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘችና ተነሳች። «ሀዬ! በቃ!» እጆቻቸው ከሻሹ ሥር ወጡ። አክስቴ መዳፏን በቀሚሷ ጠረገች።

መንገድ ላይ ስንት እንደሆነ ለመንኳት። «ጣቶቼን ጠይቂያቸው» አለችኝ። እስካሁን አልነገረችኝም። የማውቀው፣ ከኤዶ ሱቅ ስንወጣ አክስቴ የሄደችው እየሮጠች እንደነበር ነው፤ የሀቦ ወርቃማ ሻሽ ከኋላዋ እየተውለበለበ፤ እኔ ቦርሳውን ይዤ እየተከተልኳት። ሀቦ ከሩቅ አይታን ከሱቋ ወጣች። አክስቴ ቃል አልተነፈሰችም፤ ስድስት ጣቶቿን ብቻ ወደ ላይ አነሳች። ሀቦ ስልኳን አውጥታ ወዲያውኑ ለሽንኩርቱ ሰውዬ ደወለች።

ካስኩን ያገኘነው ወደ ድሬዳዋ ልትዛወር ዕቃዋን ከምትሸጥ አንዲት ፀጉር ሠሪ ነው። ያገለገለ ነው፤ አንድ ጎኑ ትንሽ ተጫጭሯል፤ ግን ሲበራ ይሞቃል። ችግሩ ባጃጅ ውስጥ አልገባ አለ። እግሩን ብንፈታው ጭንቅላቱ ይተርፋል፤ ጭንቅላቱን ብናስገባ እኔ እተርፋለሁ። በመጨረሻ እኔ መሃል ተቀመጥኩ፤ እግሩን ጭኔ ላይ አጋደሙት፤ ካስኩን ራሴ ላይ ደፉት። ሌላ ቦታ የለማ! መስታወቱን አክስቴ ታቅፋዋለች።

ሹፌሩ ከፊቱ ባለው የባጃጁ መስታወት አየኝ። ትንሽ ነዳና እንደገና አየኝ።

«አባዮ» አላት አክስቴን፣ እህቴ እንደማለት ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው?»

«ደንበኛዬ ናት» አለች አክስቴ። «እየደረቀች ነው።»

የሰፈራችን መታጠፊያ ጋ ልጆች አይተውን እየጮሁ ከኋላችን ይሮጡ ጀመር። እኔ ካስኩ ውስጥ ሆኜ የምሰማው የራሴን ሳቅ ብቻ ነው። ሀቦ የክፍሉን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ወንበር ላይ ቆማ፣ ድሪዕ ከሚሠራበት ጨርቅ ቆርጣ መጋረጃ እየሰቀለች ነበር። ኤዶ ደግሞ ቀድማን ደርሳ፣ አንደኛው ወንበር ላይ ተደላድላ፣ ፀጉሯን ፈታ ተቀምጣለች።

«የት ቆያችሁ?» አለችን። «እኔ ሥራ አለብኝ።»